የጃንዋሪ ጭስ፣ የኤፕሪል ፍልጥ፦ የፌርባንክስ ከተማ የማገዶ ጉዳይ

በአላስካ ግዛት እምብርት፣ በታናና ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው ፌርባንክስ የፋብሪካ ከተማ አይደለችም። ዙሪያዋን የሸፈነው የበርች፣ የስፕሩስና የአስፐን ደን፣ ኮረብታና ረግረግ ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአካባቢው አስተዳደር ክልል በሙሉ ወደ 96 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ብቻ ነበረው። ይህም ሆኖ በ2009 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፌርባንክስንና ጎረቤቷን ኖርዝ ፖልን (ከተማዋ በስም እንጂ በቦታ ከሰሜን ዋልታ ጋር አትገናኝም) በደቃቅ ብናኝ ምክንያት የአየር ጥራት ወሰንን ካላሟሉ ቦታዎች ተርታ መደባቸው። በ2017 ደግሞ ምደባው ከመካከለኛ ወደ ከባድ ደረጃ ከፍ አለ። የዚህ ሁሉ ዋና መነሻ የቤት ማሞቂያ ማገዶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳዩን ለአማርኛ አንባቢ ማቅረብ ያስፈለገው ፌርባንክስ ሩቅና እንግዳ በመሆኗ አይደለም። በእርጥብ እንጨት ዓይኑ ያልነደደ፣ እናቱ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። እርጥብ ማገዶ እንደሚያጨስ ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም። «ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ቃል በቃል ሲወሰድ ፌርባንክስን የጎዳው እምነት እርሱ ነው። እሳቱ አንዴ በደንብ ከተያያዘ እርጥቡም አብሮ ይነዳል ተብሎ ታሰበ፤ በርግጥም ይነዳል። የሚነድበት ሁኔታና በሚነድበት ጊዜ የሚለቀው ነገር ግን አንድን ሸለቆ በሙሉ አፈነ።

ከተማዋና ክዳኗ

ፌርባንክስ በሦስት በኩል በኮረብታ የተከበበች ናት። በብርዱ ወራት ነፋስ እምብዛም አይነፍስባትም። በዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትቆየው ከአራት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከዜሮ በታች 40 የሚደርስባቸው ቀናትም የተለመዱ ናቸው። በረዶ የለበሰው መሬት ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ ስለሚለቅ፣ ከመሬት ጋር የተጠጋው አየር ከበላዩ ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ወትሮ ከታች የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚህ ግን ቀዝቃዛውና ከባዱ አየር ከታች ተኝቶ፣ ሞቃቱና ቀላሉ አየር እንደ ምጣድ አክንባሎ ከላይ ይከደንበታል። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ይልና ጎኑን ይዞ ይንሳፈፋል፤ ከዚያም ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ይወርዳል።

እንዲህ ባለ ስፍራ ማገዶ ማንደድ ሁልጊዜም ጥንቃቄን የሚጠይቅ ነው፤ ነዋሪዎቹም ለረጅም ዘመን ሲያነዱ ኖረዋል። ነገሩ የተባባሰው ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ በመገጣጠማቸው ነው። የመጀመሪያው የሕግ ወሰን ነው፤ በ2006 የፌዴራሉ መንግሥት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በ24 ሰዓት አማካይ ሊኖር የሚፈቀደውን ደቃቅ ብናኝ ከ65 ማይክሮግራም ወደ 35 ዝቅ አደረገው። ሁለተኛው የነዳጅ ዋጋ ነው። ፌርባንክስ ትልቅ የተፈጥሮ ጋዝ መስመር የማይደርስባት ከተማ በመሆኗ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በማሞቂያ ነዳጅ ዘይት ነበር፤ በ2008 የአንድ ጋሎን ዋጋ ከአራት ዶላር በላይ ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ እንጨት ምድጃ ዞረ፤ አንዳንዱም ከቤት ውጭ በጓሮ የሚተከል የእንጨት ማሞቂያ ገዛ።

እዚህ ላይ የችግሩ እንብርት ይገኛል። በነዳጅ ዋጋ ተደናግጦ በሴፕቴምበር ምድጃ የገዛ ሰው በመጋዘን ያከማቸው ደረቅ እንጨት የለውም። ምድጃ በአንድ ቀን ተገዝቶ በሳምንት ይተከላል፤ የደረቀ ማገዶ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋን (የዚያን አገር ሞቃት ወራት) ይጠይቃል። ስለዚህ የዚያ ዓመት አዲስ አንዳጆች የዚያኑ መኸር የተቆረጠ እንጨት በዚያው ወቅት አነደዱ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ብዙዎቹ ከዚህ አዙሪት አልወጡም፤ ለመጪው ዓመት የሚሆን እንጨት ለመቁረጥ የዘንድሮው መጀመሪያ መሟላት ነበረበትና። በ2008 እና በ2011 መካከል በነበሩት የብርድ ወራት የተሰበሰቡ የአየር ናሙናዎችን የመረመሩ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከደቃቁ ብናኝ ውስጥ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው የእንጨት ጭስ መሆኑን አረጋገጡ። በኖርዝ ፖል ሕጉ ለንጽጽር የሚጠቀምበት የሦስት ዓመት ስሌት ከ100 ማይክሮግራም ያለፈበት ጊዜ ነበር፤ ይህም ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

በፍልጡ ውስጥ ያለው ውሃ

በፌርባንክስ ዙሪያ ለማገዶ ከሁሉ የሚወደደው በርች ነው፤ ከስፕሩስ ይልቅ የጠነከረና የከበደ በመሆኑ በእኩል መጠን ክምር የበለጠ ሙቀት ይሰጣል። አዲስ የተቆረጠ በርች በውስጡ የያዘው ውሃ፣ ፍጹም ከደረቀው እንጨት ክብደት ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከአንድ ኪሎ እርጥብ በርች ውስጥ ከ4 መቶ ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። (የእርጥበት መቶኛ በሁለት መንገድ ይሰላል። አንዱ የውሃውን ክብደት ለደረቁ እንጨት፣ ሌላው ደግሞ ለጠቅላላው ክብደት ያካፍላል። በእጅ የሚያዙት መለኪያዎች ባብዛኛው የመጀመሪያውን ያሳያሉ፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ክምር ተከራክረው ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ ያለው ከዚህ የተነሣ ነው።)

በአሜሪካ ማገዶ የሚሸጠው በኮርድ ነው። አንድ ኮርድ ቁመቱ 4፣ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 8 ጫማ የሆነ ክምር ሲሆን በእኛ መለኪያ 3.6 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በፍልጦቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲቀነስ እንጨቱ ራሱ ወደ 2.4 ሜትር ኩብ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ኮርድ አዲስ በርች 9 መቶ ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ለማንደድ ተገቢ ወደሚባለው 20 በመቶ እርጥበት ለመውረድም ወደ 7 መቶ ሊትር የሚጠጋውን በትነት ማጣት አለበት። ለምሳሌ ያህል በዓመት ስድስት ኮርድ የሚያነድ ቤት ቢኖር፣ ከጓሮው ክምር 20 በርሜል ውሃ ወደ አየር መውጣት ይኖርበታል ማለት ነው። ካልወጣ ደግሞ ያው 20 በርሜል ውሃ በምድጃው ውስጥ ይፈላል።

ብዙ ሰው የእርጥብ እንጨት ኪሳራ ውሃውን ለማፍላት የሚባክነው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በረዶ ሆኖ ወደ ምድጃ የገባ የአንድ ኪሎ አዲስ በርች ውሃ መጀመሪያ መሟሟት፣ ከዚያ መሞቅ፣ ከዚያም መትነን አለበት። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ኃይል እንጨቱ ሊሰጥ ከሚችለው ሙቀት ከስምንት እጅ አንዱ ገደማ ነው። ይህ ቀላል ባይሆንም ቤት አያቀዘቅዝም። ዋናው ኪሳራ ሌላ ቦታ ነው። እንጨት ሲሞቅ ከክብደቱ አብዛኛው ወደሚነድ ጋዝ ይለወጣል፤ ነበልባል ብለን የምናየው ይህ ጋዝ ሲቃጠል ነው፤ በደንብ እንዲቃጠል ደግሞ በምድጃው ውስጥ ያለው ሙቀት 6 መቶ ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ውሃው ሳይወጣ የእንጨቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ እንፋሎቱም ምድጃውን ያቀዘቅዘዋል፤ በመሆኑም ጋዙ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይሾልካል። ባለቤቱ ሙቀት የሚሆነውን ነገር በጭስ መልክ ወደ ጎረቤቱ ሳንባ ይልካል። ከሚሾልከው ከፊሉ በመንገዱ ላይ በቀዘቀዘው ቱቦ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ያ ጥቀርሻ ሲወፍር ራሱ ይቀጣጠላል፤ ቤትም ያቃጥላል። ከቤት ውጭ በሚቆም ቱቦ፣ በ40 ዲግሪ ውርጭ፣ ይህ ሂደት ምን ያህል እንደሚፋጠን መገመት አያዳግትም።

ዓመቱን መቁጠር

በፌርባንክስ የሚገኘው የቀዝቃዛ አየር ንብረት የቤቶች ምርምር ማዕከል በዚህ ጉዳይ ላይ ቀላልና እጅግ ጠቃሚ ሙከራ አድርጎ በ2011 ውጤቱን አወጣ። ጥያቄው የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነበር፦ በዚህ አየር እንጨት ለመድረቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? የትኛውስ አከማቸት ይሻላል? መልሱ ከአከማቸቱ ይልቅ ወደ ቀን መቁጠሪያው ያመለክታል። በፀደይ፣ ማለትም ብርዱ በሚያበቃበት ወቅት፣ ተቆርጦና ተፈልጦ የተከመረ እንጨት በአንድ በጋ ውስጥ ለማንደድ ይበቃል፤ በመኸር የተቆረጠው ግን ብርዱ ከመግባቱ በፊት አይደርቅም፤ የሚደርቀው በሚቀጥለው በጋ ነው።

ምክንያቱን የአካባቢው የአየር ጠባይ በግልጽ ያስረዳል። ፌርባንክስ በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 3 መቶ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ከድሬዳዋ እንኳ በብዙ ያነሰ ነው። ኤፕሪልና ሜይ አየሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚደርቅባቸው ወራት ናቸው፤ በጁን መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ በቀን ወደ 22 ሰዓት ታበራለች። ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ይበረክታል። ከኦክቶበር ጀምሮ ያለው ጊዜ ደግሞ ለማድረቅ የሞተ ጊዜ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል የውሃ እንፋሎት መሸከም ሲችል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ግን ከአንድ ግራም ያነሰ ነው የሚሸከመው። ውሃው በእንጨቱ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይቆለፋል። በኦክቶበር 35 በመቶ እርጥበት የነበረው ፍልጥ በማርችም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ይህ ግኝት የተለመደውን የሥራ ወቅት የሚቃወም በመሆኑ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በዚያ አገር ሰው ስለ ማገዶ የሚያስበው አደን አልቆ፣ ቅጠል ረግፎ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ሲነካው ነው። ነገር ግን ከእንጨት ቆረጣው አንጻር የተሻለው ጊዜ የብርዱ ማብቂያ፣ ማርችና የኤፕሪል መጀመሪያ ነው፤ ረግረጉና ወንዙ አሁንም በረዶ በመሆናቸው በበረዶ ሞተርና በመጎተቻ ወደ ሩቅ ደን መግባት ይቻላል፤ ቀኑ ረዝሟል፤ የበርቹም ፈሳሽ ገና ወደ ላይ አልወጣም። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሟሙቶ ጭቃ ይሆናል፤ መንገዱም ይዘጋል። ስለዚህ ለመቁረጥ የሚመቸው ጊዜና ለማድረቅ የሚመቸው ጊዜ እርስ በርስ ተያይዘው የተሰለፉ ናቸው፤ ያልተሰለፈው የሰው ልማድ ብቻ ነው። በእኛ ደጋ አገር ግንቦት ሳይወጣ ኩበቱንና ፍልጡን ከጣሪያ ሥር የምታስገባ እመቤት ይህን ሐሳብ ለመረዳት ምርምር ማዕከል አያስፈልጋትም ነበር፤ እርሷ የምትሸሸው ሐምሌን እንጂ ጃንዋሪን አይደለም፤ ግን ቆጠራው አንድ ነው።

በእሳት የተቃጠለ ደን ውስጥ ቆሞ የደረቀ ስፕሩስ ለዚህ ሕግ ከፊል ልዩነት ነው። በ2004 በአላስካ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የሰፋው የደን ቃጠሎ ደርሶ ስለነበር እንዲህ ያለ እንጨት በየስፍራው ይገኛል፤ ቀጥታ ሊነድ የሚችልም አለ። ነገር ግን ቆሞ መድረቁ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ከግርጌው እርጥበት የያዘ ብዙ ነውና መለካት አለበት።

የበርች ልጥ

የአላስካ መሃል ነባር ሕዝቦች የሆኑት አታባስካኖች ከበርች ልጥ ቅርጫትና ታንኳ ይሠሩ ነበር። ታንኳ የሚሠራበት ልጥ ውሃ አያስገባም፤ ውሃ የማያስገባ ልጥ ደግሞ ውሃ አያስወጣም። ማገዶን በሚመለከት ከዚህ የበለጠ ማወቅ የሚገባ ነገር እምብዛም የለም። ሳይፈለጥ በግንዱ የተከመረ በርች ውሃው የሚወጣው በሁለቱ የተቆረጡ ጫፎቹ ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከዓመት በኋላ ሲፈለጥ ብዙውን ጊዜ ደርቆ ሳይሆን ሻግቶና ቦክቡኮ ይገኛል። ከውጭ ሲታይ ልጡ ነጭና ንጹሕ ነው፤ ውስጡ ግን በእጅ የሚፈረፈር ሆኗል። ስፕሩስ ይህን ያህል አይጎዳም።

ውሃ በእንጨት ውስጥ በቁመት የሚጓዘው በአግድም ከሚጓዘው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። ስለዚህ አጭር መቁረጥና መፍለጥ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለምድጃ የሚሆን ፍልጥ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው መልካም ነው። በርች ገና እርጥብ ሳለ፣ በተለይም በረዶ ሆኖ ሳለ፣ በመጥረቢያ ሲመታ እንደ መስተዋት ይሰነጠቃል፤ ሽብልቅ የሚያስፈልገው ብዙ ቅርንጫፍ የበቀለበት ግንድ ብቻ ነው። መፍለጡን ለበኋላ ያቆየ ሰው ሥራውን ያከብድበታል፤ እንጨቱንም ያበላሽበታል።

ክምሩን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ስለሆነ ማርዘም አያሻም። ከመሬት በፓሌት ወይም በአጣና ከፍ ይበል፤ አንድ ረድፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ነፋስና ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ይቁም፤ ከላይ ብቻ ይከደን። ብዙ የፌርባንክስ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ነው። ሰማያዊውን ሸራ ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቅልሎ ያስረዋል፤ ዝናቡን ከለከልሁ ብሎም ያስባል፤ በክምሩ ውስጥ ያሉት በርሜሎች ግን መውጫ አጥተው በሸራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆነው ተመልሰው ይንጠባጠባሉ። ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ያለው ዳስ ከሁሉ ይሻላል። አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን አለ፦ በበጋ የሰደድ እሳት የሚያሰጋው አገር በመሆኑ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ክምሩ ከቤት ቢያንስ 9 ሜትር እንዲርቅ ይመክራሉ፤ በ40 ዲግሪ ውርጭ ደግሞ ማንም ከበር የራቀ ማገዶ አይፈልግም። ልባም የሆነው በበጋ ርቆ ያደርቅና በመኸር ጥቂት ጥቂቱን ወደ ደጃፉ ያስጠጋል፤ ይህም ያንኑ እንጨት ሁለት ጊዜ መሸከም ማለት ነው።

ከምድጃው ወደ ክምሩ

የአስተዳደሩ የመጀመሪያ ትኩረት ምድጃው ነበር። ከ2010 ጀምሮ አሮጌ ምድጃን ለሚያስወግድ ሰው ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ተከፈተ፤ በዚህም ብዙ አሮጌ ምድጃ ተነቀለ። ይህ ጥሩ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም አዲሱና የተመሰከረለት ምድጃ በቤተ ሙከራ የተመዘነው በደረቅ እንጨት ነው፤ እርጥብ በርች ሲሞላበት ግን ባለቤቱ ከአሮጌው ጋር ያለውን ልዩነት ለመለየት ይቸገራል። በኔ ግምት የፌርባንክስ ትልቁ የጊዜ ብክነት ይህ ነው፤ ብረቱ ለዓመታት ሲቀየር ክምሩ እንደነበረ ቆየ። ምድጃ መቀየር በደረሰኝ ይቆጠራል፣ በፎቶግራፍም ይታያል፤ የሰውን የቆረጣ ወር መቀየር ግን የሚቆጠርበት መንገድ የለውም።

ፖለቲካውም አልቀለለም። በውርጭ አገር ቤትህን በምን ታሞቃለህ ብሎ መጠየቅ በሕይወት ጉዳይ እንደ መግባት ይታያል። የአካባቢው መራጭ በ2010ሮቹ ዓመታት አስተዳደሩ የቤት ማሞቂያን የመቆጣጠር ሥልጣን ይኑረው ወይስ አይኑረው በሚለው ላይ ደጋግሞ ድምፅ ሰጠ፤ አንዴ ከለከለ፣ አንዴ ፈቀደ፣ በኦክቶበር 2018 ደግሞ እንደገና ከለከለ። ሥልጣኑ ከአካባቢው ሲወጣ ግን የፌዴራሉ ሕግ አልጠፋምና ሥራው በግዛቱ መንግሥት ላይ ወደቀ። ግዛቱ ትንበያው 20 ማይክሮግራም ሲደርስ የመጀመሪያውን፣ 30 ሲደርስ ሁለተኛውን የማንደድ ገደብ ያውጃል፤ ሌላ በቂ ማሞቂያ የሌለው ቤት በማመልከቻ ይታለፋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጉዳዩን ሥር የነካው ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የጸናው ደንብ ነው። በዚህ ክልል ማገዶ የሚሸጥ ነጋዴ መመዝገብ አለበት፤ ተቆርጦና ተፈልጦ የሚሸጥ እንጨትም እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያልበለጠ መሆን ይኖርበታል። እርጥብ እንጨት መሸጥ የሚቻለው 8 ጫማና ከዚያ በላይ ርዝመት ባለው ሙሉ ግንድ ነው፤ ይህንን የሚገዛ ሰው በዚያው ምሽት ምድጃ ውስጥ ሊከተው አይችልም፤ መቁረጥ፣ መፍለጥና ማድረቅ ግድ ይሆንበታል። ደንቡን ያረቀቀው ሰው በዚህ ቦታ ላይ እንጨትን በእጁ የሚያውቅ ይመስላል፤ ክልከላውን በወረቀት ላይ ሳይሆን በግንዱ ርዝመት ላይ ጻፈው።

ይህ ደንብ በተግባር ያደረገው የማድረቂያውን ዓመት ከገዢ ወደ ሻጭ ማዛወር ነው። ዓመቱ ግን ነፃ አይደለም። ነጋዴው ገንዘቡን በክምር ላይ ለወራት ማሰር፣ መሬት መከራየት፣ አለዚያም እንጨቱን በሙቀት ክፍል ማድረቅ አለበት፤ ይህ ሁሉ በኮርዱ ዋጋ ላይ ይታከላል። ሰፊ ጓሮ፣ የጭነት መኪናና የአንድ ዓመት ትርፍ ማገዶ ያለው ሰው ድሮም ደረቅ ነበር የሚያነደው። እርጥብ የሚያነደው ብዙውን ጊዜ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ማከማቻ የሌለው፣ ደመወዝ ሲቀበል ግማሽ ኮርድ የሚገዛ ሰው ነው። ለእርሱ ደንቡ ንጹሕ አየርና ውድ ማገዶ በአንድ ላይ ይዞለት መጥቷል። ምድጃ ለመቀየር የወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለማድረቂያ ዳስና ለደረቅ እንጨት ድጎማ ቢውል ኖሮ ለዚህ ሰው የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ልኬቱ ራሱም የራሱ ወጥመድ አለው። የእጅ መለኪያው በሁለት ሾጣጣ ጥርሶቹ መካከል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት መቋቋም ይለካል፤ ውሃ ጅረትን ያሳልፋል፤ በረዶ ግን አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዲሴምበር ከደጅ በተነሣ ፍልጥ ላይ የተሰካ መለኪያ እርጥቡን እንጨት ደረቅ ብሎ ያነባል፤ ገዢም ሻጭም በቅን ልብ ሊታለሉ ይችላሉ። የክምሩን ላይኛ ፍልጥ ወስዶ በውጭ ገጹ ላይ መለካትም ያው ነው፤ ገጹ ሁልጊዜ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል። ትክክለኛው መንገድ ከክምሩ መሃል ጥቂት ፍልጦችን መምረጥ፣ ወደ ቤት አስገብቶ አንድ ሌሊት እስኪሟሟ ማሳደር፣ ጠዋት እያንዳንዱን እንደገና ለሁለት መፍለጥ፣ መለኪያውንም በአዲሱ ገጽ ወገብ ላይ መሰካት ነው። መለኪያው ከ20 በላይ ካሳየ ያ ክምር ለዘንድሮ አይሆንም፤ ባለቤቱም ሌላ ደረቅ እንጨት ፈልጎ፣ እርሱን እስከ ጁላይ ባለበት መተው ይኖርበታል።